ሴልቲክስና ሌከርስ በሚዛን ላይ

ሁለት ሰፈሮች የገና ጨዋታ ሊገጥሙ ቀን ሲቆርጡ ወሬው ከጨዋታው ይቀድማል። አንዱ «የእነሱ ሰፈር ጉልበት አለው» ይላል። ሌላው «ጉልበት ብቻውን ምን ይሠራል? የእኛዎቹ ሯጮች ናቸው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ለመሆኑ አምና ማን አሸነፈ?» ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ ደስ ይላል። ነገር ግን በክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚረታው ድምፁ ከፍ ያለው ሰው እንጂ ነገሩን በደንብ የመዘነው አይደለም።

በዛሬው ጽሑፋችን ሁለት ቡድኖችን ከውድድር በፊት እንዴት ማመዛዘን እንደሚቻል እናያለን። ጨዋታው ቅርጫት ኳስ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ጊዜው ግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር 1984 ማለት ነው። ቡድኖቹ ቦስተን ሴልቲክስና ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ይባላሉ።

ውድድሩ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ውጤቱም የታወቀ ነው። እኛ ግን ውጤቱን ለጊዜው ደብቀን እናቆያለን። መጀመሪያ ሁለቱን ቡድኖች በሚዛን ላይ እናስቀምጣለን። ከዚያ እናንተ አንባቢዎች ትፈርዳላችሁ። ከፍርዳችሁ በኋላ የሆነውን እንነግራችኋለን።

ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው እንዴት ያለ ነው?

ቅርጫት ኳስ የተጀመረው በ1891 ነው። የጀመረው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል የስፖርት መምህር ነው። ቦታው ስፕሪንግፊልድ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ናት። ብርዱ ጠንክሮ ተማሪዎቹ ውጭ መጫወት አቃታቸው። መምህሩ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች አስፈልጎ በአዳራሹ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ከፍ አድርጎ ሰቀለ። ተማሪዎቹ ኳሱን ወደ ቅርጫቱ እየወረወሩ እንዲጫወቱ አደረገ። የጨዋታው ስም የመጣው ከዚያ ቅርጫት ነው። ዛሬ በቅርጫቱ ፈንታ መረብ የተንጠለጠለበት የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ የሚሰቀለው ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው።

አንድ ቡድን በሜዳ ላይ 5 ተጫዋቾች ያሰልፋል። ሌሎቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተጫዋቹ ኳሱን ታቅፎ መሮጥ አይፈቀድለትም። ወይ መሬት ላይ እያነጠረ ይሄዳል፣ ወይ ለጓደኛው ያቀብላል። ኳሱ በቀለበቱ ሲገባ 2 ነጥብ ነው። ራቅ ብሎ ከተሠመረው መስመር ውጭ ተወርውሮ ከገባ 3 ነጥብ ነው። ጥፋት የተሠራበት ተጫዋች በቅጣት የሚወረውረው ኳስ ሲገባ 1 ነጥብ ነው።

በአሜሪካ ትልቁ ሊግ አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው። በእኩል ነጥብ ካለቀ 5 ደቂቃ ይጨመራል። ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቀለበቱ መወርወር አለበት። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ማንቀላፋት የለም።

ለምን 7 ጨዋታ?

እያንዳንዱ ቡድን በዓመቱ 82 ጨዋታዎችን ያደርጋል። ከዚያ የተሻሉት ተመርጠው እርስ በርስ ይገጥማሉ። በመጨረሻ ሁለት ቡድኖች ብቻ ይቀራሉ። እነዚህ ሁለቱ እስከ 7 ጨዋታ ይጋጠማሉ። ቀድሞ 4 ጊዜ ያሸነፈ ሻምፒዮን ይሆናል።

ይህ ለምን ሆነ? አንድ ቀን ዕድል ሊያሸንፍ ይችላል። 4 ጊዜ ግን ዕድል ብቻውን አያሸንፍም። ደግሞም ሁለቱ ቡድኖች ተደጋግመው ሲገናኙ ይተዋወቃሉ። ትናንት ያታለለ ዘዴ ነገ አያታልልም። ስለዚህ ሁለት ቡድኖችን ስንመዝን «ዛሬ ማን ይበረታል?» ማለት ብቻ አይበቃንም። «ሲሸነፍ ስሕተቱን አይቶ የሚያርመው ማነው?» ብለንም መጠየቅ አለብን። ይህን ጥያቄ ያዙት። ኋላ እንመለስበታለን።

ቡድኖቹ ከየት መጡ?

ቦስተን በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለች የቆየች ከተማ ናት። ሎስ አንጀለስ በምዕራብ ጠረፍ ናት። በመካከላቸው ከ4 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ። በቦስተን ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን በሎስ አንጀለስ ገና 6 ሰዓት ነው። ሎስ አንጀለስ ለእኛም እንግዳ አይደለችም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። በ2002 ከሰፈሮቿ አንዱ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል።

ሌከርስ ማለት «የሐይቅ አገር ሰዎች» እንደ ማለት ነው። ቡድኑ በፊት የነበረው ሐይቅ በሞላበት አገር፣ ሚኒያፖሊስ በምትባል ከተማ ነው። በ1960 ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር ስሙን ይዞ ሄደ።

ሁለቱ ቡድኖች የቆየ ቂም ነበራቸው። ከ1984 በፊት ለሻምፒዮና 7 ጊዜ ተገናኝተዋል። በ1959፣ በ1962፣ በ1963፣ በ1965፣ በ1966፣ በ1968 እና በ1969 ማለት ነው። ታዲያ 7ቱንም ጊዜ ያሸነፈው ሴልቲክስ ነው! ሌከርስ አንድም ጊዜ አልቀናውም። የሌከርስ ደጋፊ የቦስተንን ስም ሲሰማ ሆዱ ቢቆስል አይፈረድበትም።

ሁለት የሠራተኛ ልጆች

በ1984 የሴልቲክስ ዋና ተጫዋች ላሪ በርድ ነበር። የሌከርስ ዋና ተጫዋች ኧርቪን ጆንሰን ነበር። ኧርቪንን ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ማጂክ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ምትሃት ማለት ነው። የሁለቱም ቁመት 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ላሪ ያደገው ፍሬንች ሊክ በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ቤተሰቦቹ ድሆች ነበሩ። ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይመቸው ቀረና ወደ አገሩ ተመለሰ። እዚያም ለከተማው ተቀጥሮ ሠራ። ቆሻሻ በሚሰበስብ መኪና ላይም ሠርቷል። በኋላ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

የማጂክ አባት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ከፋብሪካው ሥራ ሌላ በራሳቸው መኪና ቆሻሻ እየሰበሰቡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ማጂክም በልጅነቱ አባቱን በዚሁ ሥራ ይረዳ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱ ታላላቅ ተጫዋቾች ሁለቱም ቆሻሻ ጭነዋል። ሥራ አያሳፍርም። ሁለቱም ከሌሊት እስከ ማታ መሥራትን የለመዱት በቤታቸው ነው።

መጀመሪያ የተጋጠሙት ተማሪዎች ሳሉ ነው። በ1979 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዋንጫ ጨዋታ ላይ ተገናኙ። የማጂክ ቡድን 75 ለ64 አሸነፈ። ላሪ ያን ቀን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የማጂክ ሌከርስ በ1980 እና በ1982 ሻምፒዮን ሆነ። የላሪ ሴልቲክስ በ1981 ሻምፒዮን ሆነ። ለዋንጫ ፊት ለፊት የተገናኙት ግን ገና በ1984 ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ

1. ፍጥነት

በፍጥነት ሌከርስ ይበልጣል። ኳስ እንደያዙ ተጋጣሚያቸው ሳይሰለፍ ሮጠው ይደርሳሉ። ማጂክ ወደ አንድ በኩል እያየ ኳሱን በሌላ በኩል ያቀብላል። በዚያ ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 13 ጊዜ ጓደኞቹ ነጥብ የሚያስቆጥሩበትን ኳስ አቀብሏል። በግራና በቀኝ የሚሮጡት ጄምስ ወርዚ፣ ባይረን ስኮትና ማይክል ኩፐር ናቸው። አሠልጣኛቸው ፓት ራይሊ ነው። ደጋፊዎቻቸው ይህን አጨዋወት «ሾውታይም» ይሉታል፤ የትርኢት ሰዓት ማለት ነው።

2. ቁመትና ጉልበት

እዚህ ላይ ነገሩ ይከፋፈላል። ከሁሉም የሚረዝመው የሌከርሱ ካሪም አብዱል ጀባር ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሳንቲ ሜትር ነው። ኳሱን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አሻግሮ ከጎን ይወረውራል። ይህን አወራወር «የሰማይ ሜንጦ» ይሉታል። የሚደርስበት የለም። በሚያዝያ 1984 ከእሱ በፊት ከነበሩት ሁሉ የበለጠ ነጥብ ያስቆጠረ ተጫዋች ሆነ። ነገር ግን ዕድሜው 37 ዓመት ሞልቷል። ለዚህ ጨዋታ 37 ዓመት እርጅና ነው።

ሴልቲክስ እንደ ካሪም ያለ አንድ ሰው የለውም። ግን ቀለበቱ ሥር የሚቆሙ ሦስት ረጃጅሞች አሉት። ሮበርት ፓሪሽ 2 ሜትር ከ13፣ ኬቪን ማክሄል 2 ሜትር ከ8፣ ላሪ በርድ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። እነሱን የሚረዳ ሴድሪክ ማክስዌል የሚባል ብርቱ ተጫዋችም አለ።

የእነዚህ ሰዎች ዋና ሥራ ምንድነው? የተወረወረ ኳስ ሁሉ አይገባም። ብዙው ቀለበቱን መትቶ ይመለሳል። ያን የተመለሰ ኳስ ማን ይቀልበዋል? የቀለበው ቡድን እንደገና የመወርወር ዕድል ያገኛል። ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው። መከራው ግን ብዙ ነው፤ ክርን አለ፣ ግፊያ አለ። በዚህ ሥራ ሴልቲክስ ይበልጣል።

3. መከላከል

ማጂክ ረጅም ነው። የእሱን ቦታ የሚጫወቱት የሴልቲክስ ሰዎች ግን አጠር ይላሉ። ጄራልድ ሄንደርሰን 1 ሜትር ከ88 ነው። ዴኒስ ጆንሰን 1 ሜትር ከ93 ነው። ማጂክ ሄንደርሰንን በ18 ሳንቲ ሜትር ይበልጠዋል ማለት ነው። ይህ ለሴልቲክስ ጭንቀት ነው። ቢሆንም ዴኒስ ጆንሰን ሰው በመጠበቅ የታወቀ ነው። ቦስተን በ1983 ከሌላ ቡድን ያመጣው ለዚሁ ብሎ ነው።

4. ተቀያሪዎች

ጎበዝ ተቀያሪ የሌለው ቡድን መጨረሻ ላይ ይደክማል። ሴልቲክስ ማክሄልን ከአግዳሚ ወንበር ያስነሣል። በዚያ ዓመት ከተቀያሪዎች ሁሉ ምርጥ ተብሎ ተሸልሟል። ሌከርስም ቦብ ማካዱና ማይክል ኩፐር አሉት። በዚህ በኩል ሚዛኑ ብዙ አያጋድልም።

5. ሜዳ

በዓመቱ ሴልቲክስ 62 ጨዋታ አሸንፎ 20 ተሸነፈ። ሌከርስ 54 አሸንፎ 28 ተሸነፈ። ስለዚህ ነገሩ እስከ 7ኛው ጨዋታ ከደረሰ የመጨረሻው የሚደረገው በቦስተን ነው። የቦስተን አዳራሽ በ1928 የተከፈተ አሮጌ ቤት ነው። ሙቀት የሚያበርድ መሣሪያ የለውም። ደጋፊው ተጠጋግቶ ይጮኻል። ለእንግዳ ቡድን አይመችም።

ወሬና እውነት

ከሚዛኑ ውጭ ሌላም ወሬ ነበር። በአሜሪካ ነጭና ጥቁር በቀለም ተለያይተው የኖሩበት ረጅም ዘመን አለ። በቦስተን በ1974 ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው እንዲማሩ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ሁከት ተነሥቶ ነበር። ላሪ ነጭ ነው። ማጂክ ጥቁር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሴልቲክስን «የነጮች ቡድን»፣ ሌከርስን «የጥቁሮች ቡድን» እያለ ጎራ ይለይ ነበር።

እስቲ እውነቱን እንይ። በዚህ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ተጫዋች መርጦ የወሰደው ቡድን ሴልቲክስ ነው፤ በ1950። ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ጥቁር ተጫዋቾችን አሰልፎ ጨዋታ የጀመረው ሴልቲክስ ነው፤ በ1964። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ዋና አሠልጣኝ የሾመውም ሴልቲክስ ነው፤ በ1966፣ ሰውየውም ቢል ራስል ነው። በ1984ም የሴልቲክስ አሠልጣኝ ኬ. ሲ. ጆንስ ጥቁር ነው። ፓሪሽ፣ ዴኒስ ጆንሰን፣ ሄንደርሰንና ማክስዌልም ጥቁሮች ናቸው።

እንግዲህ በሰው አፍ የሚዞረው ሁሉ እውነት አይደለም። ቡድንን በቀለም፣ በዘር ወይም በስም የሚመዝን ሰው ሚዛኑን ከመያዙ በፊት ሰብሮታል።

እስቲ ፍረዱ

አሁን ንባቡን ጥቂት አቁሙ። አብረዋችሁ ከሚያነቡት ጋር ተነጋገሩ። ማን ያሸንፋል? ሌከርስ ወይስ ሴልቲክስ? በስንት ጨዋታ? ምክንያታችሁስ ምንድነው? ፍርዳችሁን በወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የሆነው ነገር

1ኛው ጨዋታ የተደረገው በቦስተን፣ ግንቦት 19 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ሌከርስ 115 ለ109 አሸነፈ። እንግዳው ባለቤቱን በቤቱ ረታው ማለት ነው።

2ኛውም በቦስተን ነው። ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ሌከርስ በ2 ነጥብ ይመራ ነበር። ኳሱም በእጁ ነበር። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ጄምስ ወርዚ ኳሱን በሜዳው አሻግሮ ለጓደኛው ወረወረ። ሄንደርሰን ከመካከል ዘሎ ቀማው፤ ሮጦም አስገባው። እኩል ሆኑ። በተጨመረው ሰዓት ሴልቲክስ 124 ለ121 አሸነፈ። ያ 1 ኳስ ባይቀማ ኖሮ ሌከርስ 2 ለ0 ይመራ ነበር።

3ኛው በሎስ አንጀለስ ሆነ። ሌከርስ እንደ ልቡ ሮጠ። ማጂክ ለነጥብ የሆኑ 21 ኳሶች አቀበለ። ውጤቱ 137 ለ104 ሆነ። 33 ነጥብ ብልጫ! ላሪ በርድ ከጨዋታው በኋላ ጓደኞቹን በጋዜጠኞች ፊት ወቀሰ። ልብ አጥተናል፣ ተለሳልሰናል አለ።

እዚህ ላይ ያቺን ጥያቄ እናስታውስ። ሲሸነፍ ስሕተቱን አይቶ የሚያርመው ማነው? አሠልጣኙ ኬ. ሲ. ጆንስ አንድ ለውጥ አደረገ። ሄንደርሰንን ከማጂክ ላይ አነሣና ዴኒስ ጆንሰንን አቆመበት። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን የውኃውን ምንጭ መያዝ ማለት ነበር። የሌከርስ ሩጫ ሁሉ የሚነሣው ከማጂክ እጅ ነዋ!

4ኛው ጨዋታ ከባድ ነበር። ራምቢስ የሚባል የሌከርስ ተጫዋች ወደ ቀለበቱ ሲዘል ማክሄል በክንዱ መትቶ ጣለው። ተጫዋቾቹ ተያያዙ። ይህ ጥፋት ነው፤ ሰው ሊጎዳ ይችል ነበርና አናመሰግነውም። ግን ከዚያ በኋላ ጨዋታው ከሩጫ ወደ ግፊያ ተለወጠ። ግፊያ ደግሞ የሴልቲክስ ሙያ ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማጂክ ኳስ ተቀማ፤ የቅጣት ኳሶችም ሳተ። ሴልቲክስ በተጨመረ ሰዓት 129 ለ125 አሸነፈ። ሁለት ለሁለት ሆኑ።

5ኛው በቦስተን ነበር። በዚያ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ሙቀቱ 36 ዲግሪ ደረሰ። ካሪም ትንፋሽ አጠረው፤ በአግዳሚው ላይ ኦክስጅን ሲወስድ ታየ። ከወረወራቸው 25 ኳሶች የገቡለት 7 ብቻ ናቸው። ላሪ ግን ከ20 ውርወራ 15ቱን አስገባ። 34 ነጥብ አስቆጠረ። 17 ተመላሽ ኳሶችም ያዘ። ሴልቲክስ 121 ለ103 አሸነፈ።

6ኛው በሎስ አንጀለስ ሆነ፤ ሌከርስ 119 ለ108 አሸነፈ። ሦስት ለሦስት!

7ኛው የተደረገው በቦስተን፣ ሰኔ 5 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን በላሪና በማጂክ ላይ ተክሏል። በዚያ ቀን ለሴልቲክስ ከሁሉ የበለጠ ነጥብ ያስቆጠረው ግን ስሙ ብዙም ያልተነሣው ማክስዌል ነው፤ 24 ነጥብ። ተመላሽ ኳሶችን ሴልቲክስ 52፣ ሌከርስ 33 ያዙ። ያ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ዋጋውን ያገኘው በዚህ ቀን ነው። ሴልቲክስ 111 ለ102 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ላሪ በርድ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሌከርስ ለ8ኛ ጊዜ በሴልቲክስ ተረታ።

ድምሩ ምን ይላል?

የ7ቱን ጨዋታዎች ነጥብ እንደምር። የሌከርስ ድምር 822 ነው። የሴልቲክስ ድምር 806 ነው። እንዴ! ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው የተሸነፈው ቡድን ነው! በ16 ነጥብ ይበልጣል።

ይህ እንዴት ሆነ? ሌከርስ ሲያሸንፍ በሰፊው አሸነፈ። 3ኛውን ጨዋታ በ33 ነጥብ አሸንፎ ያገኘው ግን 1 ድል ብቻ ነው። ሴልቲክስ 2ኛውን በ3 ነጥብ፣ 4ኛውን በ4 ነጥብ ብቻ አሸነፈ። ያገኘው 2 ድል ነው። በጠባቡ ሰዓት፣ ሁሉም በደከመበት ጊዜ አንድ ኳስ ነጥቆ መያዝ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ «ሌከርስ ፈጣን ነው፣ ያሸንፋል» ብላችሁ የጻፋችሁ ምክንያታችሁ ትክክል ነበር። ሌከርስ በእርግጥ ፈጣን ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው። ሁለት ቡድኖች ሲገጥሙ ማን በምን ይበልጣል ብሎ መቁጠር የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ማን ማንን ከለመደው መንገድ ያስወጣዋል ብሎ መጠየቅ ነው። ሌከርስ ሩጫ ፈለገ። ሴልቲክስ መሮጫውን ዘጋበት። ዘዴውን ያገኘውም ከሁሉ የከፋውን ሽንፈት በቀመሰ ማግስት ነው።

ከዚያስ በኋላ?

የተሸነፈ ተሸንፎ አይቀርም። በ1985 ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። በ1ኛው ጨዋታ ሴልቲክስ 148 ለ114 አሸነፈ። ሰው ሁሉ «ሌከርስ ዘንድሮም አበቃለት» አለ። በዚህ ጊዜ ግን ስሕተቱን ያረመው ሌከርስ ሆነ። 4 ለ2 አሸነፈ። የመጨረሻዋን ድል ያገኘውም እዚያው ቦስተን ውስጥ ነው። ያ እርጅና ተጫጭኖታል የተባለው ካሪም በ38 ዓመቱ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሌከርስ በ1987ም ሴልቲክስን ረታ። ቆይቶ በ2008 ሴልቲክስ፣ በ2010 ሌከርስ አሸነፉ። ሁሉም ሲደመር ለሻምፒዮና 12 ጊዜ ተገናኝተው ሴልቲክስ 9፣ ሌከርስ 3 ጊዜ አሸንፈዋል።

ላሪና ማጂክስ? ለብዙ ዓመት በደንብ አልተነጋገሩም ነበር። አንዱ ሌላውን እንደ ባላጋራ ያየው ነበር። በ1985 አንድ የጫማ ፋብሪካ ሁለቱን ለማስታወቂያ አገናኛቸው። ማጂክ የላሪ አገር ወደሆነችው ፍሬንች ሊክ ሄደ። የላሪ እናት እንግዳውን በደስታ ተቀብለው ምሳ አበሉት። ተቀምጠው ሲጫወቱ ኑሯቸውና አስተዳደጋቸው እንደሚመሳሰል አወቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆኑ። በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በአንድ ማልያ ለአገራቸው ተጫውተው ወርቅ አገኙ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዓመቱ ከ82 ጨዋታ ሴልቲክስ 62፣ ሌከርስ 54 አሸነፉ። ልዩነቱ ስንት ነው?

2. ሴልቲክስ ያሸነፋቸውን 4 ጨዋታዎች ጥቀሱ። በእያንዳንዱ በስንት ነጥብ በለጠ?

3. ሌከርስ በድምር ብዙ ነጥብ አስቆጥሮ ለምን ዋንጫውን አጣ? በራሳችሁ ቃል አስረዱ።

4. በሰፈራችሁ ወይም በቀበሌያችሁ ጭብጨባ የማያገኝ፣ ነገር ግን ባይሠራ ሁሉም ነገር የሚቆምበት ሥራ የትኛው ነው? ማን ይሠራዋል?

5. በጨዋታ ወይም በሥራ የምትፎካከሩት ሰው አለ? ስለ እሱ የምታውቁት በዓይናችሁ ያያችሁትን ነው ወይስ ከሰው የሰማችሁትን?